ውሃው ሲለካ አፈሩ ተረሳ

ካይሮ ውስጥ፣ ሮዳ በምትባለው የዓባይ ደሴት ጫፍ ላይ፣ አንድ ጥልቅ የድንጋይ ጉድጓድ አለ። መሐሉ ላይ በክንድ ልክ የተመተረ የእምነበረድ ዓምድ ቆሟል። ያሠራው የአባሲዶቹ ኸሊፋ አል-ሙተወኪል ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 861 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጉድጓዱ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ወንዙ በክረምት ስንት ክንድ እንደሞላ መናገር። 16 ክንድ ከደረሰ አዋጅ ነጋሪ በከተማው ይዞራል፣ የቦዩ አፍ ይቀደዳል፣ በዓል ይሆናል። በዓሉ ሲያበቃ ደግሞ ግብር ሰብሳቢው ይነሣል፤ ምክንያቱም የመሬት ግብር መጣል የሚቻለው ወንዙ ከዚያ ልክ ሲደርስ ነበር። ጎርፉ ያልደረሰበት ማሳ ከግብር ነጻ ነው። በ1060ዎቹ ወንዙ በተከታታይ ሲጎድል አገሩ በረሃብ ተመታ፤ ኸሊፋው አል-ሙስተንሲር የቤተ መንግሥቱን ዕቃ እስከ መሸጥ ደረሰ።

መንግሥት የጎርፉን ቁመት ይለካል። ገበሬው ግን ከቁመቱ ጋር ቀለሙንም ይጠብቅ ነበር። ውሃው ደፍርሶ ቡናማ ሆኖ ሲመጣ ያውቀዋል፤ መሬቱን የሚያበላው እሱ ነው። ማሳው በአፈር ክትር እየተከፋፈለ እንደ ትልልቅ ገበታ ይዘጋጃል። ጎርፉ ይገባበታል፣ ከ40 እስከ 60 ቀን ይተኛበታል፣ ከዚያ ይለቀቃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ነገር ይፈጸማል። ደለሉ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ ውሃው ደግሞ ወደ ታች እየሰረገ በበጋው ሙቀት ወደ ላይ የወጣውን ጨው ይዞት ይወርዳል። ውሃው እንደሸሸ ጭቃው ላይ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ ይዘራል። ብዙ ጊዜ ማረስ እንኳ አያስፈልግም።

በዓመት የሚቀረው ደለል በአማካይ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኢምንት ይመስላል። በመቶ ዓመት ግን አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል አዲስ አፈር ማለት ነው፤ ያውም ማንም ሳይሸከመው። የጥንት ግብፃውያን አገራቸውን «ከመት»፣ ጥቁር ምድር ይሉት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው በረሃ ቀይ ምድር ነው። ሄሮዶቱስ ከ2,400 ዓመታት በፊት ያንን ጥቁርና ፍርፍር አፈር አይቶ ወንዙ ከኢትዮጵያ ያወረደው ነው ብሎ ጽፏል። የእሱ «ኢትዮጵያ» የዛሬዋ ካርታ ባይሆንም አቅጣጫውን አልሳተም። ከአስዋን በላይ ይመጣ የነበረው ደለል ከሞላ ጎደል ሁሉም የዓባይና የተከዜ ነው። ነጭ ዓባይ የሚያወርደውን በደቡብ ሱዳን ረግረግ አስቀምጦ ይመጣል። ከግድቡ በፊት በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል አስዋንን ያልፍ ነበር።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ዓይን የያዘው ግንዱን ነው። አፈሩ ውሃውን ስለመሰለ ከተረቱ ቀረ።

ይህ ደለል ለምን ያበላል? ከየት እንደተቀዳ ማየት ይበቃል። የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ በአብዛኛው ባዛልት በሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ይህ ድንጋይ ሲፈርስ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፎስፈረስና ጥቂት ፖታሲየም ይለቃል። ወንዙ የዓባይን በረሃ ሲሰነጥቅ ደግሞ የኖራ ድንጋይና የጂፕሰም ንብብሮችን እየቆረጠ ያልፋል። ስለዚህ ግብፅ የሚደርሰው ደለልም ሆነ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የሚሄደው ማዕድን አሲድን የሚያረግብ ነው። የናይል ዴልታ አፈር ፒኤች 8 አካባቢ የሆነው በዚህና በደረቁ አየር ነው።

ነገር ግን ደለሉ ሁሉን ነገር አላመጣም። ናይትሮጅን በደለሉ ውስጥ ጥቂት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘለል እውነት ነው፤ «የኢትዮጵያ አፈር ግብፅን ብቻውን መገበ» የሚለውን ወሬም ያስተካክላል። የግብፅ ገበሬ ናይትሮጅን ያገኝ የነበረው በርሲም ከሚባለው የመኖ ተክል፣ ከባቄላ፣ ከእርግብ ኩስ፣ እንዲሁም «ሰባኽ» ከሚሉት ነገር ነው። ሰባኽ የፈረሱ ጥንታዊ ከተሞች የጭቃ ጡብ ነው። ገበሬው ፍርስራሹን እየቆፈረ በአህያ ጭኖ ማሳው ላይ ይበትነዋል። የፈርዖኖቹ የዲፕሎማሲ መዝገብ የሆኑት የአማርና የሸክላ ደብዳቤዎች በ1887 የተገኙት፣ እንደሚነገረው፣ አንዲት የአካባቢው ሴት ሰባኽ ስትቆፍር ነው። ስንት የታሪክ ሰነድ ማዳበሪያ ሆኖ እንደቀረ የሚነግረን የለም።

ጎርፍ በአፈር አሲዳማነት ላይ የሚሠራው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይቀራል። የሚያልፈው የውሃው ሥራ ነው። ውሃ ማሳ ላይ ሲተኛ አየር ከአፈሩ ይወጣል። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ኦክስጅን ሲያጡ ወደ ብረት ይዞራሉ፤ የብረት ዝገትን እያሟሟ በሚሄደው በዚህ ሂደት አሲዱ ይበላል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አሲዳማው አፈር ወደ ገለልተኛነት ይጠጋል። ከብረት ጋር ተቆራኝቶ የነበረው ፎስፈረስም ይለቀቃል። ጨዋማው ወይም ኖራ የበዛበት አፈር ደግሞ በተቃራኒው ይወርዳል፤ የሚመረተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስበዋል። ሁለቱም ወደ መሐል ይመጣሉ። ሆኖም ውሃው ሲደርቅ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። በዚህ መሐል ናይትሬት የሚባለው የናይትሮጅን ክፍል ወደ አየር ይበናል፤ ጎርፍ የተኛበት በቆሎ ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው ከሥሩ መታፈን በተጨማሪ በዚህ ነው። የሚቀረው ለውጥ የደለሉ ነው። ደለሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ከወንዙ አፋፍ ላይ ሸካራው አሸዋ ይወድቃል፤ ራቅ ብሎ ደግሞ ንጥረ ነገር የሚይዘው ለስላሳ ሸክላ። ስለዚህ ያው ጎርፍ አንዱን ጎረቤት ሲያበለጽግ ሌላውን አሸዋ አልብሶት ይሄዳል።

አሁን ወደ ወንዙ ራስጌ እንውጣ። ያ ካልሲየምና ማግኒዚየም ወደ ታች ሲሄድ ላይ የቀረው ምንድን ነው?

የአፈር ቅንጣት እንደ ገበያ መደብ ብትታሰብ፣ በመደቡ ላይ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ተቀምጠዋል። ከባድ ዝናብ ዓመት ከዓመት ሲያጥበው እነዚህ ይነሣሉ፤ ባዶውን መደብ ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይይዙታል። አፈሩ ኮመጠጠ የሚባለው ያኔ ነው። በፒኤች ልኬት የአንድ ቁጥር ልዩነት አሥር እጥፍ ነው። በአዊ ደጋ 5 አካባቢ የሚለካ ማሳና በናይል ዴልታ 8 የሚለካ ማሳ በአሲድ ብዛት ሺህ እጥፍ ይለያያሉ። ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያኮማትረዋል፤ ሥሩ አጥሮ ይደድራል፣ ውሃም ምግብም መፈለግ ያቅተዋል። ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ይታሰራል። ገንዘቡ መሬት ውስጥ አለ፤ ሰብሉ ግን አይደርስበትም።

ከኢትዮጵያ የሚታረስ መሬት ወደ 43 በመቶ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ጎጃም፣ ወለጋ፣ ሲዳማ፣ ሐድያ፣ ጋሞ ደጋ፤ ዝናብ የሚበዛበት ሁሉ። ዝናብ በሚያንስበት በትግራይና በሰሜን ወሎ ግን ይህ ችግር ያን ያህል አይሰማም፤ መሬቱ ተሸርሽሮ አጥንቱ ቢወጣም እንኳ። ይህ ልዩነት መታለፍ የለበትም። መሸርሸርና መኮምጠጥ የሚደጋገፉ እንጂ አንድ ነገር አይደሉም። መሸርሸር አፈሩን ራሱን ይወስዳል፤ መኮምጠጥ ደግሞ አፈሩን ትቶ ውስጡን ይዘርፋል። ሁለተኛው አይታይም፤ ቦረቦር አይቆፍርም፣ ድልድይ አያፈርስም፣ ዜናም አይሆንም።

እዚህ ላይ ቅሬታ ይመጣል፤ «አፈራችንን ግብፅ በላችው» ይባላል። ስሜቱ የሚገባ ቢሆንም ሒሳቡ እንዲህ ቀላል አይደለም። የዓባይ ሸለቆ መቆረጥ የጀመረው ሰው ሞፈር ከመቅረጹ በሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ነው። ግብፅ ይደርስ ከነበረው ደለልም ማሳ ላይ የሚቀረው ጥቂቱ ነበር፤ አብዛኛው ሜዲትራንያን ባሕር ገብቷል። የጎጃምን መሬት ያኮመጠጠው ደግሞ ወንዙ ብቻ አይደለም። ደን ተመነጠረ። መሬት ማሳረፍ ቀረ። ጭድና አገዳው ለከብት፣ ኩበቱ ለምድጃ ሆነ። እያንዳንዱ ኩንታል እህል ካልሲየምና ፖታሲየም ይዞ ከማሳው ይወጣል፤ ቀድሞ በፍግ ይመለስ የነበረው ዛሬ በጭስ ይሄዳል። ዩሪያውም ራሱ ውሎ አድሮ አፈሩን ያኮመጥጣል። ይህን ሁሉ ለካይሮ ማሸከም ምቹ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም።

ገበሬው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በሰሜን ሸዋ ደጋ አፈሩን ከምሮ በማቃጠል «ጋይ» የሚሠራው ኬሚስትሪ ተምሮ አይደለም፤ የተቃጠለው አፈር ለአንድ ሁለት ዓመት ገብስ እንደሚሰጥ አይቶ ነው። አመዱና ሙቀቱ አሲዱን ያረግባሉ፣ ፎስፈረስ ይለቃሉ፤ ከዚያ መሬቱ ከበፊቱ ደክሞ ለዓመታት ያርፋል። በአዊ ሌላው እህል እምቢ ባለበት መሬት ላይ ግብጦና እንግዶ ይዘራል። ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ማሳውን ለዲከረንስ ለቀቀ። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዝርያ ነው፤ ኮምጣጣ አፈር አይፈራም፣ ናይትሮጅን ያስገባል፣ በአራት አምስት ዓመት ለከሰል ይደርሳል። ከአዲስ አበባ የከሰል ጆንያዎች ብዙዎቹ የሚወጡት ገብስ ካቃተው ከዚህ መሬት ነው። የደን ሽፋን ጨመረ ተብሎ ይወደሳል። እህል ያበቅል የነበረ ማሳ እንጨት ማብቀል መጀመሩ ግን ድል ብቻ ተብሎ አይታለፍም።

ጎርፍ በኢትዮጵያ ምድር ውስጥም ሰጪ ነው። ጉና ተራራን የሚያጥቡት ርብና ጉማራ ጣና ከመግባታቸው በፊት ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ጉና ያጣውን ፎገራ ያገኛል፤ ግብፅና ጎጃም በአንድ ዞን ውስጥ ማለት ነው። ሜዳው ድሮ የፎገራ ከብት መዋያ ነበር። ክረምት ላይ ውሃ ስለሚተኛበት ሰብል አይታሰብም፤ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ሲያስገቡ ጎርፉ ከጠላትነት ወደ ሀብትነት ዞረ። ሩዝ ሥሩ በውሃ ቢታፈንም አይሞትም፤ ያ የሚያልፈው ለውጥ፣ አሲዱ ረግቦ ፎስፈረስ የሚለቀቅበት ጥቂት ወር፣ ለሩዝ በትክክል ይገጥማል። ዛሬ የወረታ ገበያ በሩዝ የሚታወቅ ሲሆን እንጀራውም ከጤፍ ጋር በሩዝ ይጋገራል። ሆኖም የጉና ቁልቁለት ይበልጥ በተራቆተ ቁጥር ጎርፉ የሚያመጣው አሸዋ እየበዛ የወንዙን ወለል ይሞላል፤ ወንዙም ከአፋፉ ወጥቶ ቤት ያፈርሳል። በ2006 ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የተፈናቀለው እንዲህ ነው። የሚያበላው ጎርፍና የሚያፈርሰው ጎርፍ ከአንድ ተራራ ይወርዳሉ።

ግብፅ ጎርፉን ስታጣ ምን ሆነች? የመጀመሪያውን የአስዋን ግድብ በ1902 ያጠናቀቁት እንግሊዛውያን ደለሉን ያውቁት ነበር። ግድቡ 180 መስኮት ተደርጎለት ክረምት ላይ የደፈረሰው ውሃ ያለ ከልካይ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ የሚጠራቀመው የጠራው ውሃ ሲመጣ ነው። ከ1960 እስከ 1970 የተሠራው ከፍተኛው ግድብ ግን ሁሉንም ያዘ። ደለሉ ኑቢያ ላይ፣ በናስር ሐይቅ ጭራ ተቀመጠ። ግብፅ የተጠቀመችው ጥቂት አይደለም፤ በ1980ዎቹ ድርቅ ኢትዮጵያና ሱዳን ሲራቡ እሷ ከሐይቁ እየጠጣች አለፈች፤ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ማምረትም የቻለችው በዚሁ ነው። ግን ሒሳቡ መጣ። በአስዋን ኪማ የተባለው ፋብሪካ ከግድብ በሚገኝ ኤሌክትሪክ ናይትሮጅን ማዳበሪያ ማምረት ጀመረ፤ ወንዝ በነጻ ያመጣው ከነበረው ከፊሉን ተርባይን ያመርተው ጀመር። ጨው የሚያጥበው ዓመታዊ ጎርፍ ስለቀረ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ አለ፣ ጨው ወደ ላይ ወጣ። ከ1970 ጀምሮ በዓለም ባንክ ብድር ከማሳው ሥር የማንጠፈፊያ ቱቦ መቅበር ግድ ሆነ። ጡብ ሠሪዎች አዲስ ደለል ሲያጡ የእርሻውን የላይኛ አፈር መግፈፍ ስለጀመሩ በ1980ዎቹ በሕግ ተከለከለ። ባሕሩም ተራበ፤ ከዴልታው ፊት ለፊት ይያዝ የነበረው ሰርዲን በ1962 ከነበረበት 18 ሺህ ቶን ገደማ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ወደ ጥቂት መቶ ቶን ወረደ።

በአስዋን ምክንያት ከዋዲ ሐልፋ ለተፈናቀሉ ኑቢያውያን ሱዳን ተከዜ በሚገባበት በአትባራ ወንዝ ላይ የኻሽም አል-ጊርባን ግድብ በ1964 ሠራች። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የማጠራቀሚያውን ግማሽ ያህል ደለል በላው። ውሃ ለማጠራቀም የተሠራ ግድብ የሌላ አገር አፈር ማጠራቀሚያ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ጋር የ1959ን ስምምነት ማንበብ ያስገርማል። ለግብፅ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ ለሱዳን 18.5፤ ተንኖና ሰርጎ ለሚጠፋው እንኳ 10 ቢሊዮን ተይዞለታል። ድርድሩ ያወቀው ውሃን ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ከስምምነቱ ውጭ መሆኗን ትቃወማለች፣ መብቷም ነው። ግን የኢትዮጵያ ክርክርም ራሱ በሜትር ኩብ ቋንቋ የተያዘ ነው። ከሮዳው ጉድጓድ ጀምሮ ሁሉም የለካው ውሃ ነው።

ኢትዮጵያም ግድብ ሠሪ ሆናለች፤ ስለዚህ ጥያቄው ወደ ራሷ ዞሯል። በታችኛው ኦሞ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ካራና ሙርሲ ጎርፉ ሲሸሽ በሚቀረው ጭቃ ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ማዳበሪያ አያውቁም፤ ወንዙ ያመጣላቸዋል። ጊቤ ሦስት በ2015 ውሃ መያዝ ሲጀምር ያ ጎርፍ ቀረ። በጥናቱ ላይ በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ ተጽፎ ነበር። ቢለቀቅ እንኳ ከግድብ የሚወጣ ውሃ ደለሉን ኋላ ጥሎ የመጣ ውሃ ነው፤ ማሳውን ያርሰዋል፣ አያበላውም። ለአስዋን ገበሬ የተባለው እውነት ለዳሰነች ገበሬም እውነት ነው፤ የግድቡ ባለቤት ማንነት ኬሚስትሪውን አይለውጠውም።

በሕዳሴው ግድብ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በ2025 የተመረቀው ይህ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ የጎጃምና የወለጋ አፈር አብዛኛው ከእንግዲህ የሚያርፈው እዚያ ነው። የሱዳን ግድቦች ከደለል ያርፋሉ፤ በዓባይ ዳር በጎርፍ ሽሽት የሚያርሱ የሱዳን ገበሬዎች ግን ያጣሉ። ለኢትዮጵያ ትርጉሙ ሌላ ነው። ከጮቄ ቁልቁለት የሚታጠበው እያንዳንዱ ቶን እስከ ትናንት የሌላ ሰው ጉዳይ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ የራሷን ሐይቅ ዕድሜ ይቀንሳል። እርከንና ፍግ የግብርና ቢሮ ዘመቻ ብቻ መሆናቸው አብቅቷል፤ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ሆነዋል።

አሲዱን ለማረም የሚያስፈልገው ኖራ ሩቅ አይደለም። ደጀን ላይ፣ በዓባይ በረሃ አፋፍ፣ የኖራ ድንጋዩ ቆሞ ይታያል፤ ጉደርም አለ። የሚያስቸግረው በሄክታር በአሥሮች የሚቆጠር ኩንታል መፍጨት፣ መጫንና ባንጃ ድረስ ማድረስ ነው። ገበሬው ብቻውን አይችለውም። ኖራው የሚያስገኘው ጥቅም በአንድ ክረምት ታይቶ የሚያልቅ ስላልሆነ ነጋዴም አይቸኩልበትም። ከግድቡ መብራት ሽያጭ ከሚገኘው ገቢ ለኖራው ማጓጓዣና ለተፋሰሱ እርከን የተወሰነ ድርሻ በሕግ ቢቆረጥ፣ ወንዙ ከደጋው ከወሰደው ጥቂቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪና ተጭኖ ወደ ላይ ይመለሳል። እስካሁን እንዲህ ያለ አንቀጽ በየትኛውም የዓባይ ውል ውስጥ አልተጻፈም፤ ይህን ለመጻፍ ደግሞ ከካይሮም ሆነ ከካርቱም ፊርማ አይጠበቅም።